የወገብ አጥንት ተንሸራቷል ተባልኩ፣ ኦፕራሲዮን ልሁን ወይስ ልቆይ? (በእድራችን አዳራሽ የተደረገ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ! እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። በመጀመሪያ ሊቀመንበራችንንና ኮሚቴውን ክብረት ይስጥልኝ እላለሁ፣ እድር ለለቅሶ ብቻ የሚመስለው ሰው አለ፣ እናንተ ግን በቁማችን ስለ ጤናችን እንስማ ብላችሁ እሁዳችሁን ሰጥታችሁኛል። ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ይሰማል? እሺ። አንድ ነገር ላስቸግራችሁ፣ መቀመጥ የከበደው ሰው ይነሳ፣ ግድግዳውን ይደገፍ፣ ወዲያ ወዲህ ይበል፣ ማንም አይቀየመውም። ስለ ወገብ እየተነጋገርን ሳትነቃነቁ ከዋላችሁማ የኔ ልፋት መና ቀረ።

እኔ እንደምታውቁኝ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። የዛሬውን ርዕስ እኔ አልመረጥኩትም፣ እናንተ ናችሁ የመረጣችሁት። ምን መሰላችሁ፣ ሰርግ ላይ፣ ክርስትና ላይ፣ ኧረ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሰው ጎተት ያደርገኝና ከቦርሳው የኤምአርአይ ወረቀት ያወጣል። ወረቀቱ ላይ ስፖንዲሎሊስቴሲስ፣ የአከርካሪ አጥንት መንሸራተት ማለት ነው፣ ግሬድ ዋን ይላል፣ ወይ ግሬድ ቱ። ስሙ ራሱ ያስደነግጣል እኮ! ከዛ የሚጠየቀው ሁሌ ያው ነው፣ ሽባ ልሆን ነው እንዴ? ኦፕራሲዮን ካልሆንኩ አይሻለኝም አይደል? እኔም እዛው ድንኳን ስር ቡናዬን ይዤ የምመልሰው ያው ነው፣ አብዛኛው ሰው ሽባ አይሆንም፣ አብዛኛው ሰው ኦፕራሲዮንም አያስፈልገውም። አብዛኛው ነው ያልኩት፣ ሁሉም አላልኩም፣ ስለቀረው መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

አራት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛ ምኑ ነው የተንሸራተተው፣ ሁለተኛ ቀበቶው ምን ይሰራል ምን አይሰራም፣ ሶስተኛ እንቅስቃሴው፣ አራተኛ መቼ ነው ወደ ኦፕራሲዮን የሚኬደው። ሶስተኛው ላይ እቆያለሁ፣ ስራው ያለው እዛ ስለሆነ። ዓመት ስጠራ ደሞ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ እንዳትቀላቅሉብኝ።

እሺ፣ አንደኛው። ከአንገታችን ጀምሮ እስከ መጨረሻዋ የጭራ አጥንት 33 አጥንቶች አሉን። አንገት ላይ 7፣ ደረት ላይ 12፣ ወገብ ላይ 5፣ የቀሩት 9ኙ ታች ዳሌ መሃል ተጣብቀው ያሉ ናቸው። የሰውነታችንን ክብደት፣ የተሸከምነውን ጀሪካን፣ ያዘልነውን ልጅ ሁሉ የሚቀበሉት እነዛ 5ቱ የወገብ አጥንቶች ናቸው። የሚንሸራተቱትም ብዙ ጊዜ የታችኞቹ ሁለቱ ናቸው፣ ወይ 4ኛው በ5ኛው ላይ፣ ወይ ደግሞ 5ኛው ከስሩ ባለው የዳሌ አጥንት ላይ ወደፊት ይሄዳል። ወደፊት ማለቴ ወደ ሆድ በኩል። ብዙ ሰው ይሄንን ከዲስክ ጋር ያቀላቅለዋል፣ ዲስክ በአጥንቶቹ መሃል ያለው ለስላሳው ነገር ነው፣ የዛሬው ግን ራሱ አጥንቱ ነው የሄደው። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ፣ ግን ጎረቤታችሁ ለዲስክ የታዘዘላትን እንቅስቃሴ እናንተ ዝም ብላችሁ እንዳትወስዱ፣ ለምን እንደሆነ በኋላ ታያላችሁ።

ግሬድ የሚባለውስ? መየርዲንግ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ1932 ያወጣው አለካክ ነው። የታችኛውን አጥንት ስፋት አራት ቦታ ትከፍሉታላችሁ፣ የላይኛው እስከ ሩብ ድረስ ከሄደ ግሬድ 1፣ እስከ ግማሽ ግሬድ 2፣ እስከ ሶስት ሩብ ግሬድ 3፣ ከዛ በላይ ግሬድ 4። ከምናየው ሰው አብዛኛው 1 እና 2 ውስጥ ነው።

አሁን ደግሞ ለምን ይንሸራተታል? ወጣት ላይና ትልቅ ሰው ላይ ምክንያቱ ይለያያል። ወጣቱ ላይ አጥንቱን ከኋላ በኩል ይዞ የሚያቆይ ቀጭን ክፍል አለ፣ እሱ ቀስ እያለ ይሰነጠቃል። በአንድ ቀን አደጋ አይደለም፣ ወገብን ወደ ኋላ እየለጠጡ፣ እያጣመሙ፣ እየጫኑ በመደጋገም ነው። ጂምናስቲክ የሚሰሩ፣ ክብደት የሚያነሱ ልጆች ላይ ይበዛል። አራስ ሕፃን ላይ የለም፣ የሚገርማችሁ መራመድ ሳይችሉ ያደጉ ሰዎችን ኤክስሬይ አንስተው ያዩ ሐኪሞችም አንድም አላገኙም። ቆሞ የሚሄድ ሰው ችግር ነው ማለት ነው።

ትልቅ ሰው ላይ ግን፣ ከ50 ዓመት በኋላ፣ ስንጥቅ የለም፣ ዲስኩ ይሳሳል፣ የኋላ መገጣጠሚያው ያልቃል፣ አጥንቱ ሸርተት ይላል። እናቶቼ፣ ይሄ ከወንዶቹ ይልቅ እናንተን ነው በብዛት የሚያገኘው። ምልክቱን ልንገራችሁና ራሳችሁን እዩ፣ ትንሽ ስትሄዱ መቀመጫችሁን፣ ታፋችሁን፣ ባታችሁን ይይዛችኋል፣ ይከብዳል፣ ይደነዝዛል፣ ቁጭ ስትሉ ወይ ወደፊት ጎንበስ ስትሉ ይለቃችኋል። የኔ እናት ከቤተክርስቲያን ስትመለስ መንገድ ላይ ያለችን ባለ ጉሊት ሁሉ ሰላም ትላለች፣ ትቀመጣለች፣ ሽንኩርት ትመርጣለች፣ እኛ ሰው ስለምትወድ ነው የሚመስለን፣ ለካ እግሯን እያሳረፈች ነው! ቅዳሴ ላይ ደግሞ መቋሚያው ላይ ደገፍ ስትል ምንም አይላትም። ወደፊት ዘንበል ሲባል ለነርቩ ቦታ ስለሚሰፋለት ነው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል ሲወርዱ እግራቸው የሚያዝ፣ ሽቅብ ሲወጡ ግን የሚሻላቸው ሰዎች አሉ፣ ቁልቁለት ወገብን ወደ ኋላ ስለሚለጥጥ ነው፣ ነገሩ ያው ነው።

አሁን ፍርሃታችሁን ላቅልላችሁ። አሜሪካ ውስጥ በ1950ዎቹ አንደኛ ክፍል የገቡ 500 ሕፃናትን መርምረው መከታተል ጀመሩ። በ6 ዓመታቸው ከመቶ 4.4ቱ ላይ ያ ስንጥቅ ተገኘ፣ ሲያድጉ ከመቶ 6 ሆነ። ከዛ ምን አደረጉ? 45 ዓመት ተከተሏቸው! ውጤቱ በ2003 ወጣ። መንሸራተቱ የሚጨምርበት ፍጥነት በየአስር ዓመቱ እየቀነሰ ነው የሄደው፣ አጥንቱ 40 ከመቶ ድረስ የተንሸራተተበት አንድም ሰው የለም፣ የወገብ ሕመማቸውም ከእኩዮቻቸው፣ አጥንቱ ካልተሰነጠቀው ከሌላው ሰው የተለየ አልሆነም። ሰማችሁ? አጥንታቸው ተሰንጥቆ፣ ተንሸራቶ፣ ሰርተው አግብተው ወልደው ኖረዋል፣ ወረቀቱን ባያዩት አያውቁትም ነበር።

ታዲያ አጥንቱ ተንሸራቶ አንዱን የሚያመው፣ ሌላውን የማያመው ለምንድን ነው? የእድራችንን ድንኳን አስቡት። ምሰሶውን ብቻውን ብታቆሙት ይቆማል? አይቆምም። ቀጥ ብሎ የሚቆመው ዙሪያውን ገመዱ በካስማ ስለተወጠረ ነው፣ ምሰሶው ትንሽ ጠመም ያለ ቢሆን እንኳን ገመዱ እኩል ከተወጠረ ድንኳኑ ነፋስ አይጥለውም፣ ምሰሶው የቱንም ያህል ቀጥ ያለ ቢሆን ገመዱ ከላላ ግን ለቀስተኛው ላይ ይወድቃል። ጡንቻ ገመዱ ነው። ስለዚህ የኛ ስራ አጥንቱን መመለስ አይደለም። ደግሜ ልበለው፣ የኛ ስራ አጥንቱን መመለስ አይደለም! አጥንቱ ባለበት ይቀመጥ፣ ዙሪያውን ያለውን ነው የምንሰራው።

እዚህ ላይ ስለ ወጌሻ ሳልናገር ባልፍ ታኮርፉኛላችሁ። እኔ ወጌሻን አልንቅም፣ እኔም ልጅ ሆኜ እግሬ ሲወለም ያሸችኝ የሰፈራችን እናት ነበሩ፣ እጃቸው የተባረከ ነበር። ግን የወገብ አጥንት ሌላ ነው። አንድ ሚኒባስ የሚነዳ ወንድማችን አጥንቱ እንደተንሸራተተ እያወቀ በሆዱ አስተኝተውት ወገቡ ላይ ቆመውበት፣ ጠቅ ሲል ገባ ተመለሰ ብለውት፣ እሱም ደስ ብሎት መጣ። ኤክስሬዩን ከበፊቱ ጋር አስተያየነው፣ ያው ነው፣ ቅንጣት አልተነቃነቀም። ጠቅ የሚለው መገጣጠሚያ ነው፣ ጣታችሁን ስታንቋቁ እንደሚለው ማለት ነው። በዛ ሳምንት ደግሞ እግሩ ላይ ያልነበረ ድንዛዜ መጣበት። የተንሸራተተ አጥንት ያለበትን ሰው ወገብ ከላይ ወደ ታች የሚጫን፣ የሚረግጥ፣ ድንገት የሚያጣምም ማንም ይሁን ማን፣ ሐኪም ነኝ ቢልም፣ እሺ እንዳትሉ። ቅባት ቀብቶ ለስለስ ባለ እጅ ጡንቻውን ማሸት ግን ክፋት የለውም፣ ይዝናናል፣ ደስ ይላል።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ቀበቶ። ኮርሴት የምትሉትም፣ ብሬስ የምትሉትም። እዚህ ውስጥ ቀበቶ ያለው እጁን ያውጣ እስቲ? ኧረ ግማሹ አዳራሽ! የለበሰውስ? አሃ፣ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው አይደል?

ሁለት አይነት ነው። አንደኛው ጠንካራ ፕላስቲክ፣ በሰውነት ልክ ተቀርጾ የሚሰራ ነው፣ ለወጣቶች ነው። ቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለጠመመ ጀርባ ተብሎ የተሰራ ብሬስ አለ፣ በኋላ የወገብን ወደ ውስጥ መታጠፍ እንዲያቃና አሻሽለው ለዚህኛው ችግር ተጠቀሙበት። በ1985 ያወጡት ሪፖርት 67 ወጣቶችን ያየ ነው፣ በቀን 23 ሰዓት፣ ለ6 ወር ለበሱት፣ ከዛ ቀስ በቀስ አወለቁት፣ አብሮም እንቅስቃሴ ነበረው። ከመቶ 78ቱ ሕመሙ ለቋቸው ወደ ስፖርታቸው ተመለሱ። አሁን ልብ በሉ፣ አጥንቱ ተጋጥሞ የታየው ግን ከመቶ 18ቱ ላይ ብቻ ነው! ሌሎቹ አጥንታቸው እንደተሰነጠቀ ነው የተሻላቸው። ቅድም ያልኳችሁ አይደል?

እዚህ ላይ ሐቁን ልናገር፣ በኋላ በ2009 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ደምረው ሲያዩ ያለ ኦፕራሲዮን ከታከሙት ወጣቶች ከመቶ 84 የሚሆኑት ደህና ሆነዋል፣ ብሬስ የለበሱትና ያለበሱት መሃል ግን ይሄ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ታዲያ ብሬሱ ለምን? እኔ እንደማየው ብሬሱ ትልቁ ስራው ልጁን መገደብ ነው። የ16 ዓመት ልጅ ለሶስት ወር ክብደት አታንሳ ብትሉት ይሰማችኋል? ብሬስ ሲለብስ ግን በግዱ ወደ ኋላ አይለጠጥም፣ ጓደኞቹም ያዩታል፣ አሰልጣኙም ያየዋል። እኛ ሰፈር ውስጥ በቆርቆሮ ጣሳ ሲሚንቶ ሞልተው፣ መሃሉ ብረት ሰክተው ክብደት የሚሰሩ ልጆች ታውቃላችሁ፣ አንዱ እኔ ጋ ወገቡን ይዞ መጣ፣ ወደ ኋላ ሲለጠጥ በአንድ ጎን ይወጋዋል፣ ኤክስሬይ ደህና ነው አሉት፣ ኤምአርአይ ላይ ነው ስንጥቁ የታየው። እናቱ ለብሬሱ ገንዘብ ሲጨንቃት አየሁና፣ ልጄ፣ ብረቱን ትተህ በቃልህ ከተገኘህ እናትህ አትቸገርም፣ አልኩት። ተገኘ። ያለ ብሬስ ነው የዳነው፣ ሕመሙ ሲጠፋ እንቅስቃሴውን እየሰራ ቀስ ብሎ ተመለሰ፣ አሁን ከጭንቅላት በላይ የሚነሳውን ብቻ ትቷል።

ሁለተኛው አይነት ለትልቅ ሰው የሚሆነው ለስላሳው ቀበቶ ነው፣ ከጀርባው ብረት ወይ ፕላስቲክ ዘንግ ያለው፣ ከፋርማሲም ከመርካቶም የምትገዙት። ይሄ ምን ያደርጋል? ሆድን ጫን ይላል፣ ወገብን ይደግፋል፣ ድንገት እንዳትጎነበሱና እንዳትለጠጡ ያስታውሳል፣ በዛ ላይ ሙቀቱ አለ፣ ሙቀት ቀላል ነገር አይደለም። ምን አያደርግም? አጥንት አይመልስም። አጥንት አይመልስም! ይመልሳል ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ ጥላችሁ ሂዱ። ማግኔት አለው፣ ጨረር አለው፣ ድንጋዩ ከሆነ አገር የመጣ ነው እያሉ በሶስት እጥፍ ዋጋ የሚሸጡት ላይም ገንዘባችሁን አትጣሉ፣ የሚሰራው ጨርቁና ማሰሩ ነው። እናቶቻችን እኮ ወገባቸውን ጥብቅ አድርገው በመቀነት አስረው ነው እህል ሲፈጩ፣ ውሃ ሲቀዱ የኖሩት፣ ዝም ብለው ለጌጥ ያሰሩት ይመስላችኋል?

አስተሳሰሩ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከፍ አድርጎ ሆዱ ላይ፣ ጎድኑ ስር ያስረዋል፣ ከዛ መተንፈስ አቃተኝ፣ የበላሁት አልወርድ አለኝ ይላል። ዝቅ አድርጉት፣ የታችኛው ጠርዙ የዳሌ አጥንታችሁን ይዞ ነው መቀመጥ ያለበት። ስስ የጥጥ ከነቴራ ላይ እንጂ ቆዳ ላይ አታድርጉት፣ ላብና ቁስል ያመጣል፣ በተለይ ስኳር ያለባችሁ ስታወልቁ ቆዳችሁን እዩ። መጥበቁ መዳፋችሁ ተዘርግቶ በመጠኑ እስኪገባ ነው። መቼ ይደረግ? ሕመሙ ሲነሳ፣ ብዙ ቆማችሁ የምትሰሩ ቀን፣ እንጀራ ስትጋግሩ፣ ክፍለ ሀገር መኪና ስትሄዱ። ስትተኙ አውልቁት። ለጥቂት ሳምንት ነው፣ እየተሻላችሁ ሲሄድ በየቀኑ ሰዓቱን ቀንሱ። ቀበቶ አስሮ እንቅስቃሴ የማይሰራ ሰው ጡንቻው ይላላል፣ ጡንቻው ሲላላ ቀበቶው ካልኖረ መነሳት ይፈራል፣ እንደዛ እያለ ዓመት ይሞላዋል፣ አይቻለሁ።

ሶስተኛው፣ እንቅስቃሴ። እዚህ ላይ ስልካችሁን አስቀምጡና ስሙኝ። ወገብ ላይ ሁለት አይነት ጡንቻ አለ፣ ጂም ቤት በመስታወት የሚታየውና ከውስጥ ያለው የማይታየው። እኛ የምንፈልገው የማይታየውን ነው፣ ሆድን ዙሪያውን ከውስጥ ይዞ የሚያስረውን፣ ከኋላም አከርካሪው ጎንና ጎን ተጣብቀው ያሉትን ትናንሾቹን። ወገቡን የታመመ ሰው ላይ እነዚህ ይሰንፋሉ፣ ሕመሙ ሲለቅ ደግሞ በራሳቸው አይነሱም፣ መቀስቀስ አለባቸው። አውስትራሊያ ውስጥ በ1997 የወጣ ጥናት አለ፣ 44 ሰዎች፣ ሁሉም ይሄ ስንጥቅ ወይ መንሸራተት ያለባቸው፣ ግማሾቹ እነዚህን ጡንቻዎች ለ10 ሳምንት አሰለጠኑ፣ ሌሎቹ በተለመደው ሕክምና ቀጠሉ። ያሰለጠኑት ሕመማቸው ቀነሰ፣ ስራቸውን መስራት ቻሉ፣ ከ30 ወር በኋላ ሲታዩም ልዩነቱ እንዳለ ነበር። የ10 ሳምንት ስራ ነው እኮ!

እንዴት ይሰራል? የመጀመሪያው፣ በጀርባ ተኝታችሁ ጉልበታችሁን አጥፉ፣ እግራችሁ መሬት ይርገጥ። ትንፋሻችሁን አውጡ፣ ከእምብርት በታች ያለውን ሆዳችሁን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ሳቡ፣ ቀስ ነው፣ ቀሚስ አልዘጋ ሲል እንደምታደርጉት በሙሉ ኃይል አይደለም። አሁን ዋናው ነገር፣ ሆዱን እንደሳባችሁ ተንፍሱ! 10 ሰከንድ ያዙ፣ ልቀቁ፣ 10 ጊዜ። ትንፋሹን የያዘ ሰው አልሰራውም ማለት ነው። ይሄንን ሲለምዱት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁም፣ ሰሃን እያጠባችሁም ትሰሩታላችሁ፣ ማንም አያይባችሁም።

ሁለተኛው እዛው ተኝታችሁ ወገባችሁን ወደ መሬት ጫን ማድረግ፣ በወገብና በምንጣፉ መሃል ያለው ክፍተት እንዲጠፋ። ሶስተኛው አንድ ጉልበት ወደ ደረት መሳብ፣ ከዛ ሌላውን፣ ከዛ ሁለቱንም። አራተኛው በእጅና በጉልበት ተንበርክካችሁ፣ ሆዱን ሳብ አድርጋችሁ፣ አንድ እግር ወደ ኋላ መዘርጋት፣ ወገብ ሳይወዛወዝ፣ እግሩ ከጀርባ ቁመት በላይ እንዳይወጣ፣ ሲበረታ ተቃራኒውን እጅ መጨመር። አምስተኛው የታፋ የኋላ ጅማት ማሳሳብ፣ በጀርባ ተኝቶ ነጠላ ወይ ፎጣ እግር ስር አድርጎ ቀጥ አድርጎ መሳብ፣ አጥንቱ የተንሸራተተበት ሰው ይሄ ጅማት በብዛት ይጠብቅበታል፣ በተለይ ወጣቶቹ። በዛ ላይ በእግር መሄድ፣ እግሩን የሚይዘው ሰው ደግሞ የቆመ ሳይክል ይሻለዋል፣ ወደፊት ዘንበል ስለሚል።

አሁን ለምን የጎረቤት እንቅስቃሴ አትውሰዱ እንዳልኳችሁ። ለዲስክ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው በሆድ ተኝቶ በእጅ እየገፉ ወደ ኋላ መለጠጥ ነው፣ ስልካችሁ ላይም እሱ ነው የሚበዛው። ለኛ ግን ብዙውን ሰው የሚያባብሰው እሱ ነው። በ1989 የወጣ ጥናት እነዚህን ሁለቱን አወዳድሯል፣ 48 ሕመምተኞች፣ ከ3 ወር በኋላ ወደፊት የመታጠፍ እንቅስቃሴ ከሰሩት ውስጥ ሕመማቸው መካከለኛ ወይ ከባድ ሆኖ የቀጠለው ከመቶ 27ቱ ነበሩ፣ ወደ ኋላ የመለጠጥ ከሰሩት ግን ከመቶ 67ቱ። ትንሽ ጥናት ነው፣ ግን በየቀኑ ከማየው ጋር ይገጥማል።

ስለ ስግደት ሳልጠየቅ ልመልስ፣ ከሰሙነ ሕማማት በኋላ ወገቤን የሚል ሰው ስለሚበዛብን። ሕመሙ ያልተነሳበት ሰው ጉልበቱን አስቀድሞ፣ እጁን መሬት አስደግፎ፣ ሲነሳም አንድ እግሩን አስቀድሞ በእጁ ጉልበቱን ተደግፎ ይስገድ፣ ከወገቡ ተጎንብሶ ከወገቡ ቀና አይበል። ሕመሙ የተነሳበት ሰው ንስሐ አባቱን ያማክር፣ ለታመመ ሰው መፍትሔ አላቸው። ሙስሊም ወንድም እህቶቼም የታመመ ሰው ወንበር ላይ ሆኖ መስገድ እንደሚችል ከኔ በላይ ታውቃላችሁ፣ አትጨክኑበት ሰውነታችሁን። እስክስታስ? የትከሻው ምንም አይልም፣ ግፉበት። ጀርባን ወደ ኋላ ጥሎ መሬት ለመንካት የሚሞከረውን ግን ለልጆቹ ተዉላቸው፣ ሰርግ ቤት አይቼ ልቤ ቀጥ ያለችበት አባት እዚህ አሉ፣ ስማቸውን አልጠራም!

ቤት ውስጥ ደግሞ፣ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፣ በአንድ እጅ አንጠልጥላችሁ ወገባችሁ አንድ ጎን ይታጠፋል፣ ሁለት ባለ 10 አድርጉትና በሁለት እጅ ያዙ። ምጣዱን ወገብ ድረስ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ አድርጉት፣ ሊጡ ከመሬት ሳይሆን ከጎናችሁ ይሁን። ሳፋውን ዱካ ላይ አስቀምጡት፣ እናንተም ተቀመጡ። በጎን ስትተኙ በጉልበት መሃል ትራስ፣ በጀርባ ስትተኙ ከጉልበት ስር ትራስ። ሲጋራ የምታጨሱ፣ ሲጋራ የአጥንት መዳንን ያዘገያል፣ አልጨምርበትም። የሕመም ማስታገሻ መርፌውም፣ ዳይክሎፌናክ በየሳምንቱ እየተወጋችሁ ጨጓራችሁንና ኩላሊታችሁን አትጨርሱት፣ ግፊት ያለባችሁ ደግሞ ከሐኪም ሳትነጋገሩ አትንኩት።

በስንት ጊዜ ይሻለኛል? ከ6 እስከ 12 ሳምንት፣ በየቀኑ ከተሰራ። በየቀኑ ነው! በሁለተኛው ሳምንት ምንም የለም ብሎ የሚያቆመው ሰው ነው የሚያሳዝነኝ፣ ገና ጡንቻው መንቃት ሲጀምር ይተወዋል።

አራተኛው፣ ኦፕራሲዮን። ኦፕራሲዮንን ጠላት አታድርጉት፣ እኔም አላደርገውም። አንዳንድ ምልክት አለ ለነገ የማይባል፣ ሽንት አልመጣ ካለ ወይ ሳይታወቃችሁ ካመለጠ፣ ሰገራም እንደዛው፣ ኮርቻ ላይ ስትቀመጡ የሚነካው ቦታ ሁሉ፣ ማለትም ብልት አካባቢና በመቀመጫ መሃል፣ ከደነዘዘ፣ ሁለት እግር አንድ ላይ ከዛለ፣ ይሄ በሰዓታት ውስጥ ሆስፒታል የሚኬድበት ነው። ነገ ቀጠሮ አለኝ አይባልም፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው። እናቶቼ፣ ይሄንን ለመናገር አትፈሩ፣ ስለ ሽንቱ ለመናገር አፍሮ ሶስት ቀን ቤቱ የተቀመጠ ሰው አውቃለሁ፣ ከዛ በኋላ የጠፋው አልተመለሰለትም። ከዚህ ቀጥሎ የእግር ፊተኛው ክፍል አልነሳ ብሎ ጫማ የሚጎተት ከሆነ፣ ድካሙ በየሳምንቱ እየጨመረ ከሄደ፣ ወይ በማደግ ላይ ያለ ልጅ ሆኖ ግሬዱ 3 ከደረሰ፣ ቶሎ ስፔሻሊስት ጋ ነው።

ከዚህ ሌላ ያለው ይጠበቃል። በቀበቶውም በእንቅስቃሴውም በትክክል ሰርቶ ከሶስት እስከ ስድስት ወር ምንም ለውጥ ያላየ፣ በተለይ እግሩ እየተያዘ መንገድ መሄድ የተቸገረ ትልቅ ሰው፣ እሱ ኦፕራሲዮኑን ያስብበት። በ2007 የወጣ ከ600 በላይ ሰው ያሳተፈ የአሜሪካ ጥናት ነርቩ የተጨነቀባቸው፣ ቢያንስ 12 ሳምንት የቆየባቸው ሰዎች ኦፕራሲዮን ሲሆኑ ካልሆኑት የተሻለ እፎይታ እንዳገኙ ነው የሚያሳየው። እኔ ጋ ሰርተው ሰርተው ያልሆነላቸውን ሰዎች ራሴ ነኝ የምልካቸው። ጠንካራ ጡንቻ ይዘው የገቡት ደግሞ ከአልጋ ቶሎ ሲነሱ ነው የማየው፣ ስለዚህ የሰራችሁት አይጠፋም።

ጥያቄ? እዛ ጋ፣ እቴቴ፣ ይናገሩ። እርጉዝ ሴት ቀበቶውን ታድርግ ወይ ነው ጥያቄያቸው፣ ለልጃቸው ነው። ይሄንን እኛ የምናወራውን ሆድ የሚጫነውን አታድርግ፣ ለእርጉዝ የሚሆን ከሆድ ስር ደግፎ የሚይዝ ሌላ አለ፣ ክትትል የምታደርግበት ቦታ ትጠይቅ። በጀርባ ተኝቶ የሚሰራውንም ወሩ ሲገፋ ትተወው፣ በጎኗ ተኝታ ወይ ተንበርክካ ትስራው።

ሌላውን ጥያቄ እየሰራን እንመልሳለን። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ጠጋ ጠጋ አድርጉልኝ፣ ወጣቶች ምንጣፎቹን ዘርጉ፣ ቀበቶ ይዛችሁ የመጣችሁ በዚህ በኩል ኑ፣ አንድ በአንድ እናስተካክለዋለን። ሽንት ላይ ያልኩት ነገር ያለበት ሰው ካለ ግን አይሰለፍ፣ አሁኑኑ ለብቻው እኔ ጋ ይምጣ።